ደውዬ ካርዱ አለቀብኝ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎቻችን? ሰሞኑን ከደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ውጭ አገር ሆኖ ሳይከስሩ ከቤት ጋር መገናኘት። እኔም እህትና ወንድም ተራ በተራ ቦሌ ድረስ የሸኘሁ ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩን ከልቤ ነው የምከታተለው፣ ስለዚህ የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን እናት ጥያቄ ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት፣ ምክንያቱም የሳቸው ጥያቄ የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ልጄ ሳውዲ ሪያድ ሰው ቤት ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ስልክ የሚሰጧት አርብ አርብ ብቻ ነው። እኔ ያለኝ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በካርድ ስትደውል ገና ሰላምታው ሳያልቅ ይቋረጣል፣ ደመወዟን በስልክ ጨረሰች ብዬም ሆዴ ይባባል። ድሮ የጎረቤት ልጅ በኢሞ ያገናኘን ነበር፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሄደ። ደግሞ አንዳንዴ ስትደውል የሚመጣው ቁጥር የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፣ ባለፈው የማላውቀው ሰው መስሎኝ ሳላነሳው ቀረሁ፣ ለካ እሷ ኖራለች፣ አርቡም በዚያው አለፈ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከውጫሌ)

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤን የነካችው ያቺ ያለፈችው አርብ ናት፣ ስለዚህ ከሷ ልጀምር። ከሪያድ ተደውሎ የኢትዮጵያ ቁጥር የሚመጣበት ምክንያት አለው። ከውጭ የሚደወል ስልክ በትክክለኛው መንገድ ሲመጣ እዚህ ያለው የስልክ ድርጅት በየደቂቃው በውጭ ምንዛሪ ይከፈለዋል፣ ወደኛ አገር መደወል ውድ የሚሆነውም በዋናነት በዚሁ ነው። ታዲያ ይሄን ክፍያ ለማምለጥ አንዳንድ ሰዎች ሲም ቦክስ የሚባል፣ ብዙ ሲም ካርድ በአንዴ የሚይዝ ማሽን እዚሁ አገር ቤት ደብቀው ያስቀምጣሉ፣ የውጭው ጥሪ በኢንተርኔት መጥቶ ማሽኑ ላይ ያርፍና ከአገር ውስጥ እንደተደወለ ሆኖ እርስዎ ጋ ይደርሳል። ልጅዎ ርካሽ ካርድ ወይ ርካሽ አፕ ስትጠቀም ሳታውቀው ጥሪዋ በዚህ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ሥራው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የተከለከለ ነው፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል። ለርስዎ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፣ አርብ ቀን የማያውቁት ቁጥር ቢመጣም ያንሱት። ተቋርጦብዎት መልሰው ቢደውሉ ግን እሷን አያገኟትም፣ ቁጥሩ የማሽኑ እንጂ የሷ አይደለም፣ በከንቱ ሂሳብዎ ይሄዳል። በራሷ የሳውዲ ሲም በቀጥታ ስትደውል ቁጥሩ በ966 ይጀምራል፣ ይቺን ሦስት ቁጥር ይያዟት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተቻለ አንድ ያገለገለ ተች ስልክ ይግዙ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይላክልዎት። ዘመናዊ መሆን የለበትም፣ ባትሪው የሚቆይና ድምፁ ጮክ ብሎ የሚሰማ ከሆነ ይበቃል፣ ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት ግን ሲምዎን ከተው ኢንተርኔት መስራቱንና ማይኩ ጥሩ መሆኑን ባለሱቁ ፊትዎ ደውሎ ያሳይዎት። ሳውዲ ውስጥ በኢንተርኔት መደወል ድሮ ተከልክሎ ነበር፣ ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ደንብ ለሚያሟሉ አፖች ተፈቅዷል፣ ስለዚህ ልጅዎ የአሰሪዎቿ ቤት ዋይፋይ ላይ ከገባች ለሷ ወጪ የለውም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ጥሪው ሁለት ጫፍ እንዳለው ነው። እሷ ዋይፋይ አገኘች ማለት እርስዎ ጋ ጥቅል ከሌለ ምንም ማለት አይደለም፣ ስልኩ ይጮሃል ብላ ስትጠብቅ አርቡ ያልፋል። ስለዚህ ለካርድ የምታወጣውን ብር ለርስዎ ጥቅል ታድርገው። ከውጭ ሆኖ በቀጥታ የኢትዮጵያ ቁጥር ላይ ሂሳብ መሙላት ይቻላል፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ልጅ ካለዎት በቴሌብር ወይም በ*999# ገብቶ በስጦታ ጥቅል ይልክልዎታል፣ ሐሙስ ማታ ቢልክልዎት ጥሩ ነው።

ስንት ሜጋባይት ይበቃል ካሉኝ፣ በድምፅ ብቻ ሲያወሩ በግምት በደቂቃ ግማሽ ሜጋ አካባቢ ነው የሚሄደው፣ መቶ ሜጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስወራል ማለት ነው። ቪዲዮ ካበሩት ግን ያው መቶ ሜጋ ግማሽ ሰዓትም ላያቆይ ይችላል። እኔ የምመክርዎት ሲጀምሩ ሁለት ደቂቃ በቪዲዮ ተያይታችሁ፣ ከስታለች አልከሳችም ብለው አይተው፣ ከዛ ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ እስኪበቃችሁ አውሩ። ስልኩን የሚያስተካክልልዎትን ልጅ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁት፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጋልኝ፣ ፕሌይ ስቶር ደግሞ በዋይፋይ ካልሆነ አፕዴት እንዳያደርግ አርግልኝ ይበሉት። የብዙ እናቶች ጥቅል የሚበላው በወሬ አይደለም፣ በነዚህ ነው፣ ማክሰኞ የተሞላው አርብ ሳይደርስ አልቆ ይገኛል።

አክስቴ ተች ስልክ የጀመረች ሰሞን ቪዲዮ እያወራች ስልኩን እንደ ድሮው ጆሮዋ ላይ ትለጥፈው ነበር፣ ቤይሩት ያለችው እህቴ ለሳምንታት የምታየው የአክስቴን ጆሮና የነጭ ሻሿን ጫፍ ነበር፣ እሷ ግን እሱንም እንኳን አየሁ ትል ነበር። አክስቴ ማንበብ አትችልም። የረዳት ነገር የእህቴን ፎቶ ስልኩ ፊት ላይ ማውጣታችን ነው፣ ዋትሳፕም ቴሌግራምም ላይ የአንድን ሰው ገጽ አውጥቶ ስልኩ መግቢያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አክስቴ የእህቴን ፊት ትነካለች በቃ፣ ማይኳን ተጭና ታወራለች፣ ስትለቀው ይሄዳል። ይሄ የድምፅ መልእክት የሚባለው ነገር ለርስዎና ለልጅዎ ከምንም በላይ የሚሆን ይመስለኛል ምክንያቱም ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት ስልክ ላይ መገኘት አይጠበቅባችሁም። የገበያ ዕለት ውጫሌ ገበያ ውለው ያዩትን ይንገሯት፣ የጎረቤት ላም መውለዷን፣ ዝናቡ መምጣቱን፣ አርብ ስልኳን ስትቀበል አምስትና ስድስት የርስዎ ድምፅ ተጠራቅሞ ይጠብቃታል፣ ማታ ስትተኛም ደጋግማ ትሰማዋለች። ሜጋውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ባለ ቁልፉን ስልክ ግን እንዳይጥሉት! ወሎ ውስጥ ላለ ሰው ይሄን መንገር አያስፈልግም፣ በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ የሰሙት በመደበኛ ስልክ ብቻ ነው፣ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ እሱም ጠፍቶ የቆየበት ጊዜ ረጅም ነበር። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር የሚስኮል ቋንቋ ይኑራችሁ፣ አንዴ ጠርታ ከዘጋች ደህና ነኝ፣ ሦስቴ አከታትላ ከጠራች ሰው ፈልጊልኝ። ካላነሱት አይቆጥርባትም። ለዚህ ታዲያ በራሷ ሲም በቀጥታ ነው መደወል ያለባት፣ አለበለዚያ ቁጥሯን አያውቁትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከስልክ ዋጋው ጋር ባይገናኝም ሳልለው ባልፍ አይሆንልኝም። የአሰሪዋን ስም፣ የቤቱን አድራሻ፣ የኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን) ቁጥር፣ የላካትን ኤጀንሲ ስልክ በሚቀጥለው አርብ ጠይቀው ወረቀት ላይ ያስጽፉና ወረቀቱን ከሰነድ ጋር ያስቀምጡት። ሁለት አርብ አከታትሎ ድምፅ ቢጠፋ ሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ፣ ጅዳ ቆንስላ አለ፣ ግን እነሱም ሆኑ ኤጀንሲው መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ላይ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ የመኪና መለዋወጫ ልናመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይና ጓንዡ ልንሄድ ነው፣ ሦስት ሳምንት እንቆያለን። ባለቤቴ ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ በየቀኑ ካላወራኋት አልችልም። ጓደኞቼ ዋትሳፕም ቴሌግራምም አይሰራም አሉኝ፣ እውነት ነው? ሮሚንግ (ያገር ቤት ሲሜን ውጭ የምጠቀምበትን) ላስከፍት ወይስ እዛ ሲም ልግዛ? (ከአዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጂሜይልና ጉግል ማፕ ሳይቀር ቻይና ውስጥ ዝግ ናቸው፣ የሆቴሉ ዋይፋይም የዛው አገር ሲምም ያው ነው። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ጓንዡ ከወረደ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሚስትህ ጋ ደውለህ ይሄን አፕ አውርጂ የምትልበት መንገድም ስለሌለህ ሁሉንም ነገር ከመሄድህ በፊት ጨርስ።

መጀመሪያ ዊቻት፣ ቻይናዎች የሚጻጻፉበትና የሚደዋወሉበት አፕ። በሁለታችሁም ስልክ ላይ አሁኑኑ ይጫን፣ አሁኑኑ የምልህ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ዊቻት ያለው ሰው ስካን አድርጎ እንዲያረጋግጥለት ስለሚጠይቅ ነው። መርካቶ ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጋ ብትሄድ ዊቻት የሌለው አታገኝም፣ ለምነው፣ ያንተን ያረጋግጥልህ፣ የሚስትህንም እንደዛው፣ ከዛ ቤት ውስጥ አንተ ሳሎን እሷ መኝታ ቤት ሆናችሁ ደውላችሁ ሞክሩት። ዊቻት ላይ ቪዲዮውም ድምፁም በነፃ ነው፣ ፋብሪካዎቹም የሚያወሩህ በሱ ስለሆነ ለሥራህም ያስፈልግሃል።

ሁለተኛው መንገድ ከቻይና ውጭ ያለ ኩባንያ የሚሸጠው የመንገደኛ ኢሲም ነው፣ ካርድ ሳይኖረው በኢንተርኔት ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም ማለት ነው። ምክንያቱ ምን መሰለህ፣ ሲሙ የሌላ አገር ከሆነ ቻይና ውስጥ ስትጠቀምበት ሮሚንግ ላይ ነህ፣ ኢንተርኔቱ ወደ ሲሙ አገር ሄዶ በዛ በኩል ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ እገዳው ሳይነካህ ዋትሳፕም ቴሌግራምም ይከፍትልሃል። ስልክህ ኢሲም ይቀበል እንደሆነ ለማወቅ *#06# ደውል፣ ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር ካሳየህ ይቀበላል። ቻይና ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖች አብዛኞቹ የማይቀበሉ ስለሆኑ ስልክህ ከየት እንደመጣም እወቅ። ኢሲሙን አዲስ አበባ ሆነህ በዋይፋይ ገዝተህ ጭነኸው ሂድ። እኔ ብሆን ሁለቱንም እይዛለሁ፣ ዊቻትም ትንሽ ጊጋ ያለው ኢሲምም፣ አንዱ ሲያስቸግር በሌላው፣ እርጉዝ ሚስት ያለችው ሰው በአንድ ገመድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ያገር ቤት ሲምህን አታውጣው፣ የባንክ ኮድ በሱ ስለሚመጣ፣ ግን ዳታ ሮሚንግ የሚለውን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አጥፋው። ሮሚንግ ላይ ሆነህ የሚደወልልህን ስታነሳም ይቆጥርብሃል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ተደዋዩ አይከፍልም ብሎ እንደ አገር ቤት ነው የሚያነሳው። ዋትሳፕ አዲስ ሲም አይቶ ቁጥር ቀየርክ ወይ ብሎ ቢጠይቅህ አልቀየርኩም በል፣ በድሮው ቁጥርህ ይቀጥላል። ስልክህ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ በ09 የተቀመጡትን በ+2519፣ የሳፋሪኮሞቹን 07 በ+2517 አስተካክላቸው፣ ከዜሮው ጋር አድርገህ ከውጭ ብትደውል አይገባልህም።

ቻይና ከኛ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ገበያ ውለህ ማታ አራት ሰዓት ሆቴል ስትገባ እዚህ ገና ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነው፣ ጥሩ ሰዓት ነው፣ እሱን ቀጠሮ አድርጉት። ከሁሉም በላይ ግን እሷ አንተን የምታገኝበትን አስብ። ሌሊት አንድ ነገር ቢሆን ኢንተርኔት ባይኖርም በመደበኛ ስልክ የምትደውልበት የሆቴሉ ስልክ ከ0086 ጀምሮ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ፣ ሂሳቧ ላይም ለዚሁ ብቻ የማይነካ ብር ይቀመጥ። ደቂቃው ውድ ነው፣ ይሁን፣ ለዚያች ሌሊት ነው። በሰላም ይገላግላት።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው። ዋትሳፕ ላይ ጽሑፍ ይሄድልኛል ግን ስደውል እያገናኘ ነው ብሎ ይቀራል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቪፒኤን (የተዘጋውን የሚያስከፍት አፕ) ጫኚ ትለኛለች፣ እሷ ትጠቀማለች ምንም አልሆነችም። ልጫን? (እህት፣ ከኤምሬትስ)

መልስ፦ አትጫኚ እህቴ። ስልክሽ አልተበላሸም፣ ኤምሬትስ ውስጥ ፈቃድ በሌላቸው አፖች መደወል ዝግ ስለሆነ ነው። ቪፒኤን በራሱ ወንጀል አይደለም ይሉሻል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ሕጋቸው ግን የተከለከለ ነገር ለመስራት የተጠቀመበትን ሰው ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ይቀጣል፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ እስከዛሬ ምንም አልሆነችም ማለት አንቺ ላይ አይሆንም ማለት አይደለም፣ ለሱ ቅጣት ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ብትሰሪም አትደርሺበትም። ነፃ ቪፒኤን የሚባሉት ደግሞ ብዙዎቹ የስልክሽን መረጃ ለቅመው የሚሸጡ ናቸው፣ ነፃነታቸው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ያለሱም መንገድ አለሽ። ቦቲም የሚባለው መደወያ አፕ የተፈቀደ ነው፣ ቤተሰብሽም እዚህ ቦቲም ካወረዱ ትደዋወላላችሁ። ዙምም ይሰራል፣ በነፃው 40 ደቂቃ ይሰጣል፣ እሁድ እሁድ እህት ወንድም ሁሉ ከያለበት የሚገናኝበት ቢሆን ደስ ይላል፣ ሲቆረጥ እንደገና መግባት ነው። ዋትሳፕሽንም አታጥፊው፣ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የድምፅ መልእክትም ፎቶም ይሄድልሻል፣ ከላይ ለውጫሌዋ እናት ያልኩት ላንቺም ይሰራል። ስካይፕ የለመዱ ታላላቆች ካሉሽ ደግሞ ስካይፕ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ ያልሰሙ ብዙ ሰዎች ስላሉ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለገናና ለጥምቀት አገሬ ልገባ ነው፣ አምስት ሳምንት። ልጆቹ ትምህርት ስላላቸው ከእናታቸው ጋር እዚህ ይቀራሉ። ባለፈው አንድ ወዳጄ ደርሶ ሲመለስ የስልክ ቢሉ አስደንግጦታል። እኔ እንዴት ላድርግ? (አባት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት። የወዳጅዎ ነገር ለብዙ ሰው የደረሰ ነው፣ የኔም ዘመድ ደርሶበታል። ቦሌ እንዳረፈ ስልኩን ከኤርፕሌን ሞድ አወጣው፣ ሻንጣ እስኪመጣ ቆሞ ሲጠብቅ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ስራ ላይ ነበር፣ አውሮፕላን ውስጥ ያነሳቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በሮሚንግ ወደ ክላውድ ሲጭን፣ ያኔ ያወጣውን ወሩ ሲያልቅ ነው ያየው። ስለዚህ ገና ደለስ ኤርፖርት ሳሉ ዳታ ሮሚንግን ያጥፉ፣ ሲያርፉ አጠፋዋለሁ አይበሉ። የስልክ ኩባንያዎ ጋም ደውለው ኢትዮጵያ እሄዳለሁ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ስልኬስ አንሎክ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። ክፍያው ያላለቀ ስልክ ሎክ ሆኖ የኛን ሲም አልቀበል ይላል፣ እሱን ቦሌ ላይ ማወቅ አይጠቅምም።

አንሎክ ከሆነ እዚህ በፓስፖርትዎ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ይግዙ፣ ሳፋሪኮም እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በ2015 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ላይ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ገጠር ዘመድ ጋ የሚገቡ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚሄዱበት ቀዬ ላይ የቱ እንደሚይዝ ዘመድዎን ይጠይቁ። በዚያ ሲም ጥቅል ገዝተው ልጆቹን በዋትሳፕ ወይም አይፎን ካላቸው በፌስታይም ያገኟቸዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርዎት። ስልክዎ ላይ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚባል አለ፣ ከመሄድዎ በፊት እዛው ሆነው ያብሩት። እዚህ መጥተው ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ በአሜሪካ ቁጥርዎ ወደ አሜሪካ ቁጥር ቢደውሉ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አገር ቤት እንደተደወለ ነው የሚቆጥሩት፣ ትምህርት ቤታቸው ቢሆን፣ ሐኪም ቢሆን፣ ባንክ ቢሆን በነፃ ያወራሉ። ወጥመዱ ግን እዚህ ጋ ነው፣ በዚያው መስመር ቦሌ ሆነው አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ላለው ወንድምዎ ከደወሉ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ እንደደወሉ ተቆጥሮ ነው የሚከፍሉት። ለአገር ቤት ሰው ሁልጊዜ በአገር ቤቱ ሲም። የአሜሪካውን መስመርም ጭራሽ አይዝጉት፣ የባንክ ኮድ ይመጣበታል፣ ዳታው ብቻ ይጥፋ።

በጥር ወር ሜሪላንድ ከኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከአስር ሰዓት በኋላ ሲመለሱ እዚህ ሌሊት ስድስት ሰዓት ያልፋል፣ ስለዚህ የማታውን ይርሱትና ጠዋታቸውን ይያዙ። እነሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ቁርስ ላይ ሲሆኑ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አያታቸውም ነቅታ ቡና ላይ ናት፣ አስር ደቂቃ ይበቃል። የጥምቀት ዕለት ደግሞ ጃን ሜዳ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ላይቭ ላሳያቸው ብለው አይድከሙ፣ ታቦት ሲወጣ ይቅረጹና ማታ ቤት ገብተው ዋይፋይ ላይ ይላኩላቸው።

ጥያቄ፦ ኩዌት ካለችው እህቴ በዋትሳፕ ኮድ ተልኮልሻል ላኪልኝ የሚል መጣልኝ፣ ላክሁላት። ከዛ የኔ ዋትሳፕ ተዘጋ፣ በኔ ስም ለዘመድ ሁሉ ታምሜያለሁ ብር ላኩልኝ እየተባለ ነው። እህቴን ስጠይቃት የሷም ተወስዶባታል፣ ምንም አላክሁም አለች። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ዋትሳፕሽን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚውና በቁጥርሽ ግቢ፣ አዲሱ ኮድ ባንቺ ሲም ነው የሚመጣው፣ ስትገቢ ሌባው ይወጣል። ሌላ ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ከጠየቀሽ ሌባው አስቀምጦበት ነው፣ ሰባት ቀን ጠብቀሽ ትገቢያለሽ፣ እስከዛው እሱም እዛ ውስጥ መቆየት አይችልም። ዛሬውኑ ለዘመዶችሽ በመደበኛ ስልክ ደውለሽ ብር እንዳይልኩ ንገሪያቸው። ከገባሽ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት የሚለው ጋ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ራስሽ አብሪው፣ እህትሽም እንደዛው ታድርግ፣ በሷ ገብተው ነውና ወዳንቺ የመጡት። በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ለእናትም ለእህትም አይሰጥም፣ በእውነት እሷ ብትሆን ኮዱ በስልኳ ነበር የሚመጣው።

ውጭ ሰው ያላችሁ ቤተሰቦች ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፣ በጽሑፍ ብር ሲጠየቅ የሚጠየቅ፣ መልሱን የቤቱ ልጅ ብቻ የሚያውቀው፣ ፌስቡክ ላይም የትም ያልተጻፈ። እኛ ቤት ጥያቄው አባታችን ሲያርስበት የነበረው የቀኙ በሬ ስም ነው፣ ባለፈው ዓመት በእህቴ ስም ብር የጠየቀን ሰው እሱን ሲጠየቅ ዘጋ።